«ሰግጃለሁ ወይ?»

ዕድሜዋ የገፋ እናት ዙህርን ሰግዳ መስገጃዋን ካጠፈች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ልጄ፣ ሰግጃለሁ ወይ?» ስትል በብዙዎቻችን ቤት ይሰማል። ከልጆች የሚመጣው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አሁን አይደል እንዴ የሰገድሽው! ስንቴ ልንገርሽ?» የሚል ነው። ሌላው ደግነት ይመስላል፤ «ተይው እማዬ፣ ካንቺ ላይ ሶላት ተነሥቷል» ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው።

የመጀመሪያው ጥፋትነቱ ግልጽ ነው። ሱረቱል ኢስራእ (17፡23) ወላጆች እኛ ዘንድ ሲያረጁ «ኡፍ» ማለትን እንኳ ይከለክላል። ሁለተኛው ግን እዝነት ለብሶ ይመጣል። ብዕር የተነሣው ከተኛ ሰው፣ ከሕፃንና አእምሮውን ካጣ ሰው ላይ መሆኑን ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። ለማን እንደምትሰግድ ጠንቅቃ የምታውቅ፣ መስገዷ ብቻ የሚጠፋባት እናት ከሦስቱ የትኛዋ ናት? ያልተነሣላትን ግዴታ እኛ ስናነሣላት ገና በእጇ ያለውን ክብር አብረን እንነጥቃታለን።

ታዲያ እንዴት ይነገራት? ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን የአራት ረከዓውን ሶላት በሁለት ረከዓ አሰላመቱ። (የርሳቸውን መርሳት ከእርጅና መርሳት ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ አላህ ሕግ አስተምሮበታል።) አቡበክርና ዑመር እዚያው ነበሩ፤ አክብሮት ይዟቸው ዝም አሉ። ዙልየደይን የሚባለው ሶሓባ ግን ሶላቱ አጥሮ ነው ወይስ ረስተው እንደሆነ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ጥፋት አልቆጠረም፤ በጥያቄው ውስጥ ሌላ በር ክፍት ትቷል። ረሱልም ሌሎቹን ጠይቀው ሲያረጋግጡ የጎደለውን ሞሉ፣ ሁለት የመርሳት ሱጁድም ወረዱ።

በቤታችንም ከዚህ የሚወሰድ አለ። ከልጆች አንዱ ኢማም ሆኖ አብረዋት ቢሰግዱ ረከዓውን መቁጠር ከርሷ ላይ ይወርዳል። ስትጠይቅም «አዎ እማዬ፣ አብረን ሰግደናል» ማለት ይበቃል፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቅም አሥር ጊዜ።

መርሳት ሁሉ እርጅና አለመሆኑም ይታወቅ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያስረሳል። እነዚህ ሊታከሙ ስለሚችሉ ሐኪም ሳያያት «አርጅታ ነው» ማለት ሐቋን ማጉደል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የንብረቱ ነገር ነው። ዛሬ የፈረመችውን ነገ እንደማታስታውስ እያወቁ የቤት ካርታና ብዕር የሚያቀርቡላት ልጆች አሉ። ሱረቱል በቀራህ (2፡282) ማስጻፍ ለማይችል ሰው ኃላፊው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ያዛል። ውክልና ካስፈለገ እርሷ በምታስተውልበት ሰዓት፣ ልጆቿ ሁሉ ባሉበት፣ በምስክር ፊት ይሁን።