ቁጥቋጦው ውስጥ ማን ያየዋል?

 

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በካዛንቺስ በኩል እየሄድን ነበር። በ2017 ቤቶች ከፈረሱበት አካባቢ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። አረምና ቁጥቋጦ ወርሶታል። ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ የቀረ የሚመስል አንድ ውሻ አጥንት ይዞ ብቅ አለና፣ ሲያየን ተመልሶ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ሳቀ። «ቁርኣን ስለተማረ ውሻ እንደሚናገር ታውቃለህ?» አልኩት። አላመነኝም።

በሱረቱል ማኢዳህ 4ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ለአደን የሰለጠነ እንስሳ የያዘውን ሐላል አድርጎልናል። ያሰለጠንነውም አላህ ካስተማረን ዕውቀት መሆኑን ያስታውሰናል። ኢብኑል ቀይም ከዚህ የዕውቀትን ክብር አውጥተዋል፦ ውሻ እንኳ የተማረው ካልተማረው ይለያል። ታዲያ የሰው ልጅስ?

ሰሓባው ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) አዳኝ ነበር። ስለ ውሾቹ ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው መልስ ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሰለጠነ ውሻህን ቢስሚላህ ብለህ ከላክኸው፣ የያዘልህን ብላ። እርሱ ከበላለት ግን አትብላ፤ ለራሱ ይዞት ሊሆን ይችላልና። ሌላ ውሻ ገብቶበት ካገኘህም ተው፤ ቢስሚላህ ያልከው በራስህ ውሻ ላይ ነው። የወጋኸው አውሬ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞቶ ካገኘኸውም ተው፤ የገደለው ቀስትህ ይሁን ውሃው አታውቅም። ዑለማዎች በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው።

አሁን አዳኙን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ቆቅ ወይም ጅግራ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃለች። አዳኙ እሾሁን አልፎ መግባት አይችልም፤ ውሻውን ይልካል። ውሻው በአፍንጫው ነፋሱን እየተከተለ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አይታይም። የሚሰማው የቅጠል ኮሽታ ብቻ ነው። ተርቧል፤ ሥጋው አፉ ውስጥ ነው፤ ጌታው አያየውም። ይበላዋል ወይስ ሳይቦጭቅ ይዞለት ይመጣል? የስልጠናው ፈተና ይህች ደቂቃ ናት። ሜዳ ላይማ፣ ዓይን እያየው፣ የማይታዘዝ ውሻ የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የእኛስ ቁጥቋጦ የት ነው? ሌሊት በር ተዘግቶ ስልክ እጃችን ላይ ሲሆን ነው። አለቃ ሳይኖር የሱቁ ገንዘብ በእጃችን ሲያልፍ ነው። ዋጋውን ከፍ አድርገን ልዩነቱን በኪሳችን ብናስቀር ማንም የማያውቅበት ድለላ ነው። በዚያው በሱረቱል ማኢዳህ 94ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ምእመናንን እጃቸው በሚደርስበት አደን እንደሚፈትናቸው ይናገራል፤ በሩቅ ሆኖ የሚፈራው ማን እንደሆነ ሊለይ። በኢሕራም ላሉ ሰዎች አደን ክልክል ነው፤ ፈተናው ደግሞ እጃቸው ሥር መጣ። ቅርብ፣ ቀላል፣ ከልካይ የሌለው። ዛሬ ሐራሙ በአንድ ጣት ንክኪ ይመጣል።

ልብ በሉ፦ ጥሩ አሰልጣኝ ውሻውን በመጀመሪያው ቀን ጥሻ ውስጥ አይለቀውም። ሜዳ ላይ ይጀምራል፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየቀኑ። ሲጠራው መመለስን ሳያስለምድ ሽታ አያሳየውም። ከዚያ ሳሳ ወዳለ ሣር፣ ቀጥሎ ወደ ጥሻው። ፉቀሃዎችም የሰለጠነ ውሻን ምልክቶች ሲዘረዝሩ፦ ሲላክ ይሄዳል፣ ሲከለከል ይቆማል፣ ሲይዝ አይበላም ይላሉ። አንድ ጊዜ መታዘዙ አይበቃም፤ ከፊሎቹ ሦስት ጊዜ መፈተን አለበት ብለዋል።

እኛ ደግሞ ነፍሲያችንን ሳናሰለጥን ጥሻው ውስጥ እንለቃትና «ለምን ወደቅሁ?» እንላለን። ከትንሹ እንጀምር። የሰለጠነ ውሻ የሽታ ዱካ እየተከተለ እንኳ ጥሪ ሲሰማ ይመለሳል። እኛስ አዛን ሲል ከስልካችን እንነሳለን? ለዚህ ሳምንት ይህች ብቻ ትሁን፦ አዛን ሲሰማ ስልኩን ማስቀመጥ። በግልጽ ቦታ መመለስን የለመደች ነፍስ፣ በድብቁ ቦታም መመለስ ይቀላታል፤ ኢንሻአላህ። የወደቀም ተውበት በሩ ክፍት ነው፤ አሰልጣኝ ውሻው አንዴ ስለሳተ ስልጠናውን አይተውም።

ይህን የምጽፈው አደን ውጡ ለማለት አይደለም፤ በሀገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ውሻንም ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ካልሆነ ማሳደር አጅርን እንደሚቀንስ በሐዲስ ተነግሮናል። ግን በድንጋይ አንምታው። የተጠማ ውሻ ያጠጣን ሰው አላህ ምሮታል።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስንቀራ በዋሻው ደጃፍ እግሮቹን ዘርግቶ የተኛውን ውሻ እናገኘዋለን። ከደጋግ ሰዎች ጋር በመሆኑ በቁርኣን ተወሳ። እኛስ ከማን ጋር ነን?

በመመለሳችን ላይ ጓደኛዬ አጥሩ አጠገብ ቆመና የያዘውን የውሃ ጠርሙስ በተሰበረ ሳህን ላይ አፈሰሰ። ምንም አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ።

ያ አላህ! ሰው በሚያየንም በማያየንም ቦታ አንተን የምንፈራ አድርገን። ሥራችንን ለአንተ ብቻ አድርግልን። አሚን!

በነብያችን ላይ ሰለዋት እናብዛ።