በባዕድ አገር ለብቻ የሚውል ልደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ሰኔ በአንዱ እሑድ፣ እዚሁ ለገጣፎ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ የአንድ መዘምር ወንድማችንን ልደት አክብረን ነበር። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ ተዘመረ፤ ሕፃናቱም እስኪመሽ ድረስ አንሄድም አሉ። ማታ ስልካችንን ስንከፍት ከቤይሩት የተላከ የድምፅ መልእክት አገኘን። ላኪዋ ከሁለት ዓመት በፊት ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣ ትማር የነበረች፣ ዛሬ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ናት። የበዓሉን ፎቶግራፍ አይታ ደስ እንዳላት ነገረችን። ቀጥላም፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ ያለፈው ማክሰኞ የእርስዋ ልደት እንደ ነበረ ጨመረች።

ቀኑ በመዝገባችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጻፍነውም እኛው ነን። መዝገቡን የገለጠ ግን አልነበረም።

እንዴት እንዋለች ጠየቅናት። አሠሪዎቿ ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም በየካቲት ወር ኬክ ገዝተው እንኳን ተወለድሽ ብለዋት ነበር። ነገር ግን ያ ቀን በፓስፖርቷ ላይ የሰፈረው ቀን ነው። ስትሄድ ዕድሜዋ ከፍ ብሎ እንዲታይ ዓመቱም ወሩም ተለውጦ ስለ ነበር፣ ሰዎቹ ያከበሩላት ያልተወለደችበትን ቀን ነው። አመሰገነች፤ ኬኩንም በላች፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልደፈረችም። እውነተኛው ቀን በደረሰ ጊዜ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ፣ ከአገሯ ይዛው የሄደችውን የጧፍ ቁራጭ አብርታ ውዳሴ ማርያም ደገመች። ጢሱ እንዳይሸት ብላም ቶሎ አጠፋችው።

ከመካከላችን «ልደት ማክበር የእኛ ልማድ አይደለም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ አባቶቻችን የሚያስቡት በ40 ወይም በ80 ቀን የተጠመቁበትን ዕለትና የክርስትና ስማቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያንም የጌታችንን ልደት፣ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን፣ ሰኔ 30 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስን ታከብራለች። በኦሪት የፈርዖን፣ በወንጌል የሄሮድስ ልደት ተጽፎ እናገኛለን፤ በሁለቱም ግብዣዎች የሰው ነፍስ ጠፍቷል። ቢሆንም በፈርዖን ልደት የተፈጸመ አንድ ሌላ በደል አለ፤ ደም ስላልፈሰሰበት ብዙ ጊዜ አናስተውለውም።

ዮሴፍ በባዕድ አገር፣ ያለ ዘመድ፣ በእስር ቤት ነበር። የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ ሕልም ከፈታለት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ሲመቸው እንዲያስበውና ነገሩን ለፈርዖን እንዲነግርለት። በ3ኛው ቀን የፈርዖን ልደት ሆነ። አለቃው ከእስር ወጥቶ ጽዋውን ያዘ፤ ዮሴፍንም ረሳው። ከዚያ በኋላ 2 ዓመት ሙሉ አለፈ። ይህ ሰው ዮሴፍን አልሸጠውም፤ በሐሰትም አልከሰሰውም። የእርሱ ጥፋት ግብዣ ላይ መሆኑና መርሳቱ ነው። እኛም ያን እሑድ ድፎ ስንቆርስ ከዚህ ሰው በምን ተለየን?

መጽሐፍ ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ከወንድሞቹ ጋር በጎች ይጠብቅ እንደ ነበር፣ በ30 ዓመቱም በፈርዖን ፊት እንደ ቆመ ይነግረናል። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የልደቱን ቀን ማን እንዳሰበለት አልተጻፈም። ያዕቆብ በከነዓን ቀኑን እየቈጠረ ያለቅስ ነበር ብለን ብንገምት አያስነቅፈንም።

ከአገራችን ታሪክም ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን እናስታውስ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ልጁ ከ10 ቀን በኋላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሆኖ 7 ዓመት ሞላው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያው ጕዞ ላይ በግንቦት አረፉ። ከዚያ ወዲያ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ 11 ልደቶቹ በሰው አገር አለፉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ታዝንለት ነበር፤ የመጀመሪያ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም አማርኛ ያውቅ ነበር። ከስፒዲ ከተለየ በኋላ ግን በልደቱ ቀን በእናቱ ቋንቋ «እደግ» የሚለው ማን ነበር? ያረፈው ሊድስ በተባለው ከተማ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት የምታስብበት የጽጌ ጾም የሚፈጸምበት ዕለት ነው። በተቀበረበት በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የተደረገለት መታሰቢያ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረውን ቃል ይዟል። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. ሳይቀበለው ቀርቷል።

ጌታችንም እናቱ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም በሄደችበት መንገድ፣ በማደሪያው ስፍራ በታጣበት ሌሊት ተወለደ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ ተሰደደ። ስለዚህ ጧፏን ያበራችው እኅታችን በዚያች ክፍል ብቻዋን ነበረች ለማለት አንደፍርም። ይህ ግን የእኛን ዕዳ አያወርድልንም።

በማግስቱ ዳቦ ይዘን ወደ እናቷ ቤት ሄድን። እናታችን ማክሰኞ ዕለት ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ፈንዲሻም በትነው እንደ ነበር ነገሩን። ለምን እንዳልጠሩን ብንጠይቃቸው፣ «መዝገብ አላቸው፤ ራሳቸው ይመጣሉ ብዬ ሁለተኛውን ጀበና ጥጄ ጠበቅኋችሁ፤» አሉን።

አሁን መዝገቡ ተገልጧል። በውጭ አገር ያሉ 7 አባሎቻችን ተገኝተዋል፤ ሦስቱ በቤይሩት፣ ሁለቱ በጅዳ፣ አንዷ በዱባይ፣ አንዱ በደቡብ አፍሪካ ናቸው። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ፓስፖርቱ የሚለውን ትተን እናት የምትለውን ቀን ጽፈናል፤ ከሥራ የሚወጡበትንም ሰዓት ጨምረናል። ቀጣዩ ጥቅምት 12 ቀን ነው። ወንድማችን ሱቁን የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ለመደወል የሚችል ሁሉ ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ።