ዝናብ በወደብ ሲያውለን

በክረምት ወራት ከሹም አቦ ወደ ጣና ዳር የወረደ መንገደኛ፣ ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ጀልባዎች ታስረው የሚያገኝበት ቀን አለ። ወደ ዘጌ ሊሻገር የቸኰለው ሰዓቱን ያያል፤ ጀልባ ነጂው ሰማዩን ያያል። እንግዲህ ነጂውን «እንሂድ» እያልን መጐትጐት ይገባናልን?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንደምናነበው፣ ጳውሎስ በቀርጤስ ሳሉ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ፤ ወደቡም ለክረምት አይመችም ነበርና የሚበዙት እንነሣ አሉ። መርከቡ ተሰበረ፤ 276ቱ ሰዎች ግን ተረፉ። የመቶ አለቃው፣ በእኛ አስተያየት፣ ሞኝ አልነበረም፤ የተቀበለው የባለሙያ ምክር ነው። ይሁን እንጂ የመርከብ ባለቤት ጭነቱንም ያስባል።

ትዕግሥትን ማመስገን ለእኛ ለተሳፋሪዎች ቀላል ነው፤ የዕለት ገቢው የሚቀርበት ግን ነጂው ነው። የታንኳ ባለቤትማ ይብስበታል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሐይቁ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ የዛሬ ዝናብ የነገውንም ሥራ ያሰናክላል። ስለዚህ «እንቆይ» የሚል ተሳፋሪ ከኪሱ ጥቂት ቢያካፍል ምጽዋት አይባልም፤ ዕዳ ነው።

በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ቢለምንስ? እዚህ ላይ ፍርዱ ይከብዳል። ሰው ስለ ወገኑ የራሱን ነፍስ ሊደፍር ይችላል፤ አብረውት የሚሳፈሩትን ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ከሚጠየቁትም የመጀመሪያው ነጂው ነው፤ እርሱም እንቢ ሊል ይችላል።