ከሕያው ስለ ወደቀ ቀንድ

በዓይን ያልታየ ነገር በዱካው ብቻ በታወቀ ጊዜ፣ ያ ዕውቀት በእውነት ዕውቀት ይባላልን ወይስ የዕውቀት ጥላ ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን በየዘመኑ ሲያከራክር ኖሯል። ፈጣሪን በፍጥረቱ እናውቀዋለን የሚለው ትምህርት ከዚህ ጥያቄ ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እኔም ይህን ሳሰላስል ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ የረዳኝ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በአዲሮንዳክ ተራሮች፣ በበረዶው ወራት፣ ነጭ ጭራ የሚባለውን አጋዘን ዱካና የጣለውን ቀንድ ፍለጋ ወደ ዱር የሚገቡ ሰዎች ጥበብ ነው።

ቅጠል የሸሸገውን ሁሉ የበረዶው ወራት ይገልጠዋል። በረዶው ሲበዛ አጋዘኖቹ ነፋስ ወደማያገኛቸውና ቅጠላቸው ወደማይረግፍ ወደ ሄምሎክና ወደ ሴዳር ዛፎች ጥላ ተሰብስበው ይከርማሉ፤ በመመላለሳቸውም በበረዶው ውስጥ ጠባብ መንገድ ያበጃሉ። ፈላጊው ለሁለት የተከፈለውን ኮቴ፣ በጠጡን፣ በገላ ሙቀት ቀልጦ እንደገና የረጋውን ሞላላ መኝታ፣ ወንዱም ግንባሩንና ቀንዱን ባሸበት ግንድ ላይ የተላጠውን ልጥ እየመረመረ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የቀንበጡ ጫፍ ነው። አጋዘን በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ የለውምና ቀንበጡን ቦጭቆ ይበጥሰዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ጫፉ ተተልትሎ የተገኘ እንደ ሆነ አጋዘን፣ በምላጭ እንደ ተቆረጠ ሰያፍና ልሙጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጥንቸል በልቶ እንዳለፈ ይታወቃል። ከጣት በቀጠነ እንጨት ላይ የአንድ ፍጡር መንጋጋ አሠራር ተጽፎ ይገኛል። ይህን ያነበበ ሰው አጋዘኑን አላየሁትም ቢል እውነቱን ነው፤ አላውቀውም ሊል ግን አይችልም።

የቀንዱ ምሥጢር ከዚህም ይጠልቃል። የአገራችን የደጋ አጋዘንም ሆነ ዋልያ፣ ቀንዱ ከራስ ቅሉ በወጣ አጥንት ላይ የተደረበ ቀፎ ስለ ሆነ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል እንጂ አይጥለውም፤ ቀንዱን በእጁ የያዘ ሰውም የሞተ እንስሳ ቀንድ ይዟል። የነጭ ጭራው ቀንድ ግን ሁለንተናው አጥንት ነው። በሚያዝያ ገደማ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ጸጉራም ለስላሳ ቆዳ ለብሶ እጅግ ፈጥኖ ሲያድግ፣ መኖው ያላሟላውን ማዕድን እንስሳው ከገዛ የጎድን አጥንቱ ይበደርለታል፤ በመስከረም ቆዳው ተልጦ ይረግፋል፤ በኅዳር ወንዱ ስለ እንስቶቹ ይዋጋበታል። ከዚህ በኋላ የወንድነቱ ሆርሞን ሲጎድል፣ ቀንዱ ከራስ ቅሉ የተጋጠመበትን ስፍራ ረቂቃን ሕዋሳት እየበሉ ያላሉትና ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይወድቃል። እንግዲህ በበረዶ ላይ የተገኘ ቀንድ የግዳይ ምስክር አይደለም፤ ባለቤቱ የአደኑን ወራት ከጥይት ተርፎ አልፎ፣ ቀንዱን ትቶ በእግሩ ሄዷል ማለት ነው።

በዮሐንስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ፣ ጴጥሮስና ሌላው ደቀ መዝሙር ሮጠው ወደ መቃብሩ በደረሱ ጊዜ ጌታን ራሱን አላዩትም፤ ያዩት የተልባ እግሩን ልብስና ለብቻው የተጠቀለለውን የራሱን ጨርቅ ነው፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚህ ወደ እምነት ደረሰ። የዱር እንስሳን ቀንድ ከዚያ ቅዱስ መግነዝ ጋራ ማስተካከል ድፍረት ይሆናል፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከበድን ጋራ የተገኘ መግነዝ ስለ ሞት ይናገር ነበር፤ ባለቤቱ የተለየው መግነዝ ግን ስለ ሕይወት ተናገረ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ፣ ሙሴ የእግዚአብሔርን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ማየቱን ሲተረጉም፣ ጀርባን የሚያይ የሚከተል ሰው ነው ይላል። በዱካ ማወቅ እንግዲህ ከማየት ያነሰ ሳይሆን የተከታይ ሰው ዕውቀት ነው፤ የሚታወቀውንም በነጻነቱ ይተወዋል።

ይህን ነጻነት የማያከብር ፍለጋ የሚፈልገውን ይገድላል። እንስሶቹ በብርዱ ወራት የሚኖሩት በበጋ ባጠራቀሙት ስብ ነውና፣ ቀንድ ለቃሚ ባስበረገጋቸው ቁጥር ያቺኑ ስንቃቸውን በሩጫ ይጨርሷታል። ስለዚህ በዋዮሚንግ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በመንግሥት መሬት ላይ የወደቀውን ቀንድ ከጃንዩወሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 መልቀም በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉን ቅን ሕግ እለዋለሁ። ሳይለቀም የቀረውንም ቢሆን አይጦችና ሽኮኮዎች ለአጥንታቸው የሚሆነውን ካልሲየም ፍለጋ ይግጡታልና በከንቱ አይቀርም።

አጋዘኑ ቀንዱን በጣለ በሳምንቱ በራብ ሞቶ እንዳልሆነ በምን ታውቃለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ አላውቅም እለዋለሁ። ቀንዱ የሚመሰክረው እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዱካ አይሰጥም፤ ደቀ መዝሙሩም ከጨርቁ በላይ እምነት አስፈልጎታል። ቀንዱን ያገኘው ሰው ግን በመጪው ኅዳር ወደዚያው ዱር ተመልሶ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ አዲሱ ቀንድ በቅርጹ አምና የወደቀውን ስለሚመስል፣ ቢመጣ ያውቀዋል።