ኤሊው ለምን አልቀሰቀሳትም?

ውድ ወጣቶች፣ የኤሊንና የጥንቸልን ተረት ያልሰማ ከመካከላችሁ አይገኝም። ጥንቸል በፍጥነቷ ተመክታ መንገድ ላይ ተኛች፤ ኤሊው ዝግ ብሎ ተጉዞ ቀደማት። እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን እንደመድማለን። ትምህርቱ መልካም ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ ኤሊው ከጥንቸሏ በምግባር ይበልጣልን?

አስቀድመን ፍጥረታቱን እንመልከት። ሁለቱም የአካባቢያችን ናቸው፤ ሶማልኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ኤሊን «ዲን»፣ ጥንቸልን «ባከይሌ» ይሏቸዋል። የሜዳችን ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣር ውስጥ ታደፍጣለች። ግልገሎቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ምሽግ ስለሌላት ከጠላት የሚያድናት እግሯ ነው። የኤሊ ድንጋይ መሰል ልብስ ደግሞ ከጀርባ አጥንቱና ከጎድኑ ጋር የተጋጠመ ስለሆነ አውልቆት ሊሮጥ አይችልም። መሮጥም አያስፈልገውም፤ አንገቱን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይበቃዋል።

እንግዲህ ፍጥነት የጥንቸል ጽድቅ አይደለም፤ ዝግታም የኤሊ ጽድቅ አይደለም። ሁለቱም የተቀበሉት ነው። ጥንቸሏ የተወቀሰችው ስለፈጠነች ሳይሆን ስለናቀችና ስለተኛች ነው።

ይህ ነገር እኛን ይነካናል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት በወጣ ቁጥር በአንድ ኅብረት ውስጥ አንዱ ቆሞ ምስጋና ሲያቀርብ ሌላው የኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያም መምጣቱን ይተዋል። ያለፈው «እግዚአብሔር ወደደኝ» ይላል፤ የወደቀው «እግዚአብሔር ተወኝ» ብሎ ያስባል። ሁለቱም የተቀበሉትን ከተወደዱበት ፍቅር ጋር አምታተዋል።

በማቴዎስ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ አስቡ። አንዱ አምስት፣ ሌላው ሁለት ተቀበለ። ነገር ግን ቁጥር 21ንና ቁጥር 23ን አስተያይታችሁ አንብቡ፤ ጌታቸው ሁለቱንም ያመሰገነው በአንድ ዓይነት ቃል ነው። የመክሊቱ ልዩነት ከጌታው ነበር፤ ከባሪያዎቹ የተፈለገው ታማኝነት ነው። «እኔ ዘገምተኛ ነኝ» ማለትም ሰበብ አይሆንም። አንድ የተቀበለው የተፈረደበት ስላነሰው ሳይሆን ስለቀበረው ነው። ኤሊውም ቢሆን ተጉዟል።

አሁን ተረቱ ወደማያነሣው ጥያቄ እንምጣ። ኤሊው በተኛችው ጥንቸል አጠገብ ሲያልፍ ለምን አልቀሰቀሳትም? «ስታፌዝበት ነበር፤ የእጇን አገኘች» ትሉ ይሆናል። በውድድር ሕግ እውነታችሁን ነው፤ ዝም ብሎ ያለፈ አይከሰስም። የፈተና አዳራሽም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይሠራል። ኅብረታችን ግን የፈተና አዳራሽ አይደለም። ጳውሎስ ሕይወቱን በሩጫ ሲመስል የሚጠብቀው አክሊል ለእርሱ ብቻ ሳይሆን የጌታን መገለጥ ለሚወዱ ሁሉ እንደሆነ ጽፏል (2ኛ ጢሞ. 4፥7-8)። አክሊሉ ለሁሉም ከሆነ የባልንጀራዬ እንቅልፍ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? እርሱን መቀስቀሴስ ምን ያጎድልብኛል?

በጅጅጋም ሆነ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ፣ ኅብረታችን ትንሽ ስለሆነ የአንድ ሰው መቅረት ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ባዶ የሆነውን ወንበር ተመልከቱ። ፈጣን ሆኖ ተስፋ የቆረጠ፣ ወይም ዘገምተኛ ሆኖ ያፈረ ወንድም ወይም እኅት አለ። ስለ ውጤቱ አትጠይቁት። ቤቱ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ ሻይ አብራችሁ ጠጡ፤ እሑድም አብራችሁ ኑ።