በሐሩር ወቅት የዱር እንስሳት በእኛ ላይ ያላቸው ሐቅ



ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢህራም አድርገው ከሶሐቦቻቸው ጋር ወደ መካ ሲጓዙ የሆነውን አንድ ነገር ኢማሙ ማሊክ በሙወጣእ ዘግበውታል። በመንገዳቸው ላይ ፍላጻ እንደተሰካባት በጥላ ሥር ተኮራምታ የተኛች ሚዳቋ አገኙ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ ማንም እንዳያስደነግጣት አንድ ሰው ከአጠገቧ ቆሞ እንዲጠብቅ አዘዙ። በኢህራም ላይ ላለ ሰው አደን ክልክል ስለሆነ ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን ከማደን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ጥላዋን እንዳትነጠቅ ዘብ ማቆም ደግሞ ሌላ ነው።

ይህን ሐዲስ ያነሳሁት ከጎንደር በታች ያለውን ቆላ አስቤ ነው። ከሳንጃ እስከ መተማና ቋራ ባለው ምድር ከክረምቱ በፊት ባሉት በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ብዙዎቹ ወንዞች ፍሰታቸው ይቆረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ አትባራ የሚባለው የእኛው ጓንግ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በሱዳን በኩል ሲደርስበት ወንዙ ደርቆ፣ ጉማሬው፣ አዞውና ዓሣው በቀሩት ጥቂት ኩሬዎች ተጨናንቀው አይቶ ጽፏል። ጎርፉ የደረሰው በሰኔ ወር፣ በአንድ ሌሊት ነበር። እስከዚያች ሌሊት ድረስ የነፍሳቸው መቆያ ያ ኩሬ ነበር።

ዛሬም ቢሆን በቆላው የዱር ነፍስ አልጠፋም። በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተከልሏል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. በዚያ አንበሳ መኖሩ በካሜራ ተረጋግጧል።

ታዲያ ለእነዚህ ፍጥረታት እርዳታው ምንድን ነው? በመኪና ውሃ ማመላለስ አይደለም። ውሃው አለ፤ የተያዘው በእኛ ነው። በኩሬው ዳር ድንኳን ይተከላል፣ ፓምፕ ይጠመዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይነዳል። አንዳንዱማ በብርብራ ፍሬ ዓሣውን አስክሮ ኩሬውን ያበላሸዋል። ድኩላውና አጋዘኑ ከሩቅ የሰው ድምፅ እየሰሙ ተጠምተው ያነጋሉ። አላህ (ሱ.ወ.) ለሰሙድ ሕዝብ በነቢዩ ሷሊሕ (ዐ.ሰ.) አማካይነት የደነገገውን እናስታውስ፤ በሱረቱ አሽ-ሹዐራእና በሱረቱል ቀመር እንደተነገረው ግመሏም ሕዝቡም በውሃው ላይ የየራሳቸው የታወቀ ተራ ነበራቸው። ተራዋን የነጠቁት ሰዎች መጨረሻ ምን እንደሆነ ሙስሊም ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ቀኑ ለከብቱና ለሰው ይሁን፤ ከመግሪብ እስከ ሱብሒ ደግሞ ኩሬው ለእነሱ ቢለቀቅ ምን ይጎድልብናል?

«ሰው በጦርነትና በስደት በሚንከራተትበት ድንበር ስለ ድኩላ ታወራለህ?» የሚለኝ ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ውሻ ያጠጣውን ሰው እናስብ። ሰውየው ራሱ ተጠምቶ ነበር። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ በመጀመሪያ እርሱ ጠጣ፤ ሲወጣ ግን ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከውን ውሻ አይቶ ተመልሶ ወረደ፣ በጫማውም ውሃ ቀዳለት። የሰው መቅደም ለእንስሳው ማነስ ምክንያት አልሆነም።

በከተማ ላለነውም ድርሻ አለን። በግቢ ጥላ ሥር ዝርግ ሳህን ውሃ ማኖር ቀላል ነው፤ ወፍ እንደ ሰው አያልበውም፣ አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው፤ ስለዚህ ውሃ ቶሎ ያልቅበታል። ትንንሾቹ እንዳይሰጥሙ ድንጋይ ጣል ይደረግበት፤ ውሃውም በየማለዳው ይቀየር።

ዋናው ጉዳይ ግን ከሰላችንና ሰሊጣችን ነው። በዚያ ቆላ ጥላ የሚሰጠው ግራርና ቁርቁራ የሚቆረጠው በአብዛኛው ለእርሻና ለከሰል ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ የከተማ ሰው ነው፤ ከመካከላችንም አለበት። የቁርቁራ ወገን የሆነውን የሲድር ዛፍ ስለ መቁረጥ በሱነን አቡ ዳውድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰፍሯል። አቡ ዳውድም ሲያብራሩ፣ በምድረ በዳ መንገደኛና እንስሳት የሚጠለሉበትን ዛፍ ያለ አግባብ የሚቆርጠውን ሰው የሚመለከት ነው ብለዋል። በመተማ፣ በቋራ ወይም በአርማጭሆ ሰሊጥ የሚያዘራ ወንድማችን ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት ለሠራተኞቹ አንድ ቃል ይንገር፤ በኩሬው ዙሪያ ያሉትን ዛፎች እንዲያልፏቸው።

ወላሁ አዕለም።