ገበያው ሲነሳ ቀልብሽ አይነሳ

ልጄ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የመቂው ደላላ ይደውላል፣ ሲነጋጋ የአይሱዙው ሾፌር፣ ከዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የቴሌግራም ወሬ። «በየቀኑ ነገር ይለዋወጣል፤ በየትኛው ልቤ ነው ሥራ የምመራው?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ግን እዚሁ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ከጎንሽ የሚሸጡት ነባር ነጋዴዎች ምን እንዳሳለፉ አስቢው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ፒያሳ የኖረው አትክልት ተራ ተነስቶ ጃንሜዳ ሰፈረ። ክረምቱ በጭቃ አለፈ። መስከረም 2013 ላይ ደግሞ የብር ኖት ተቀየረ። የአትክልት ነጋዴ ገንዘቡ በእጁ ነው፤ አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር በሦስት ወር ውስጥ ባንክ መግባት ነበረበት። ይኼ ሳይረሳ፣ ጃንሜዳ ለጥምቀት መለቀቅ ስላለበት ገበያው እንደገና ተጠቅልሎ ወደ ላፍቶ፣ ወደዚሁ ሃይሌ ጋርመንት መጣ። ይህ ሁሉ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው!

ቦታው ተነሳ፣ ኖቱ ተለወጠ። የመቂው ገበሬ ግን ቲማቲሙን ማምረት አልተወም፤ ጉሊት የምትቸረችረውም እናት ጠዋት ሽንኩርት መፈለጓን አልተወችም። በእነዚህ በሁለቱ መሃል ቃሉን ጠብቆ የቆመን፣ የዱቤ መዝገቡን በጭቃው ውስጥ ያልጣለን ነጋዴ፣ የትም ቢሄድ ደውለው ያገኙታል። አንቺም ቀልብሽን እዚያ ላይ አሳርፊ።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። መንገድ ተዘጋ፣ ዋጋ ወደቀ ሲሉሽ በመጀመሪያ ማን እንዳየ ጠይቂ፤ ቀጥሎ ዛሬ የምታራግፊውን መኪና ይነካ እንደሆነ መዝኚ። ካልነካ ለማታ ይቆይ። ወሬ ይቆያል፣ ቲማቲም ግን አያሳድርሽም፤ በሳጥን ውስጥ ሲፈርስ እያየሽ ምክር አትሰበስቢም። ለእሱ በሰዓቱ ቁረጪ፣ አትርፈሽም ከስረሽም ይሂድ። ሽንኩርት ግን በደንብ ከደረቀና ነፋስ ካገኘ ጊዜ ይሰጣል። ሁሉንም እንደ ቲማቲም የሚያጣድፍ ነጋዴ ሽንኩርቱን በርካሽ ይለቃል። እኔ ብዙ ሰው በዋጋ መውደቅ ሳይሆን በዚህ ጥድፊያ ሲጎዳ ነው ያየሁት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ቀን «ሽንኩርቱን ተይውና ብረት እናከማች» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ልጄ። የብረቱን ገበያ የሚያውቁት አሉ፤ አንቺ የምታውቂው የትኛው ገበሬ ምርቱን ሳይመርጥ እንደሚጭን፣ የትኛው ሆቴል በወሩ እንደሚከፍል ነው። ይህ እውቀት በገንዘብ አይገዛም።

ለውጥ ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ደንበኞችሽ በቴሌብር መክፈል ከፈለጉ ተቀበይ። ያ ከሥራሽ አያወጣሽም፤ ወደ ሥራሽ ያስገባሻል።

ስለ ሠራተኞችሽ አንድ ነገር ልጨምር። ጫኝና አውራጁም፣ ሒሳብ ያዧም ጠዋት የሚያነቡት ያንቺን ፊት ነው። አንድን ትእዛዝ እስከ ረፋድ ሦስቴ ከለወጥሽባቸው አራተኛውን አይሰሙሽም፤ አይፈረድባቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ የነገውን ዛሬ ማታ ጨርሺው፦ የትኛው መኪና ይራገፋል፣ ለማን ይሰጣል፣ ዱቤ ለማን ይቆማል። ሌሊት ካልታሰበ ነገር ከመጣ አንዱን ለውጪ፤ ሌላው እንደታሰበው ይሂድ።

የሌሊቱን ስልክ ለዚያ ለምታምኚው ልጅ ስጪውና ተኚ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የወሰነውን ዋጋ ጠዋት ራሱ አያምነውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዱቤ መዝገብሽን ይዘሽ ቤት ነይ፤ ማን ስንት እንዳለበት አብረን እናየዋለን።